የዋልያዎቹ 2005

እሷ፦ ዛሬ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ በ2005 ያሳለፉትን እናነሳለን።

እሱ፦ ልብ አንጠልጣይ ዓመት ነበር፣ እህቴ! ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቁ። ጥር 13 ከዛምቢያ ሲጫወቱ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ እነሱ ግን በአዳነ ግርማ ጎል 1ለ1 ተለያዩ።

እሷ፦ ከአራት ቀን በኋላ ግን በቡርኪና ፋሶ 4ለ0 ተሸነፉ!

እሱ፦ ሰኔ 9 ደግሞ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2ለ1 አሸነፉ። ደስታው ሳይበርድ፣ ከቦትስዋና ጋር ባደረጉት ጨዋታ ቅጣት ያለበት ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰባቸው።

እሷ፦ ያ ስህተት የጽሕፈት ቤት ነው፤ ሜዳ ላይ የለፉት ልጆች ዕዳ አልነበረም።

እሱ፦ ልጆቹም ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2ለ1 ረትተው ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ። ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ናይጄሪያ ብቻ ቀረች፤ አዲስ አበባ ላይ 2ለ1 ተሸነፉ፤ ኅዳር 7 ቀን 2006 ካላባር ላይ ደግሞ 2ለ0።