ሣጥኑም ውሉ ላይ ይሣል
(ለሠፈሩ ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ከመቂና ከባቱ ቲማቲም እያስመጣችሁ እዚህ አዳማ የምትነግዱ አላችሁ። ውሉ ላይ «መቶ ሣጥን» ተብሎ ይጻፋል። የትኛው ሣጥን? ገበሬው በልቡ የያዘው ሌላ፣ መኪናው ላይ የሚጫነው ሌላ! ጠቡም ከዚሁ ይነሣል። እኔ የምለው፣ የሣጥኑ ሥዕል ቁመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ በሴንቲሜትር ተጽፎበት ከውሉ ጋር ይያያዝ። እስከ አፉ ነው የሚሞላው ወይስ ተቆልሎ? እሱም ይሣል። ሁለቱም ወገን ሥዕሉ ላይ ይፈርሙ።

ይህ የልጅ ጨዋታ አይምሰላችሁ። በደቡብ አፍሪካ ሮበርት ደ ሮይ የተባሉ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ2016 ለፍራፍሬ ለቃሚዎች የሥራ ውል በሥዕል አዘጋጅተው፣ ሠራተኞቹ ፈርመውበታል።

ሥዕል አለ ተብሎ ግን ሕጉ አይዘለልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ፊደል ያልቆጠሩትን አባት «እዚህ ጋ ይጫኑ» ብሎ አጣድፎ መሄድ እንግዲህ ለአስጫኙም አይበጅም።

መሣል አልችልም የሚል ካለ ፎቶግራፍም ይሆናል፤ ሜትሩን ሣጥኑ ላይ ዘርግቶ ማንሣት ነው።