ቁልፍ ስንቀበል የምንጠይቀው ጥያቄ

(በሳድል ሪጅ፣ ካልጋሪ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው የጋበዘኝ ስለ ጤና እንድናገር ነው። ነርስ ስለሆንኩ ደም ግፊትና ስኳር ጠብቃችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እሱን ለሌላ ቀን አቆይቼ ዛሬ የማወራው ስለ መኪና ምዝገባ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ጎማ ነው። እዚህ አገር ከተማርኩት የነርስነት ዲግሪ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ከምሠራበት ክፍል ጋር በደንብ ይገናኛል። ቆይቼ እደርስበታለሁ።

እኛ መኪና እንዋዋሳለን። ለቅሶ ሲሆን፣ አራስ ጥየቃ ሲኬድ፣ እንግዳ ከኤርፖርት ሲመጣ፣ አዲስ የገባ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጠራ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህ የምንኮራበት ልማዳችን ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። ነገር ግን ቁልፉን ስንቀበል “ምዝገባው አላለፈም ወይ? ኢንሹራንሱ አለ?” ብለን አንጠይቅም። ሰውዬው ንብረቱን አምኖ ሰጥቶን እኛ ወረቀት አሳየን ማለት ነውር ይመስለናል። ይሉኝታ ይይዘናል። እኔ የመጣሁት ይህን ይሉኝታ ለማስተው ነው።

አገር ቤት ይሉኝታው ያን ያህል አይጎዳንም ነበር፤ መኪናው ራሱ ይናገራል። ቦሎው መስታወቱ ላይ ነው፤ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ምልክት እዚያው ነው። ቦሎ ለማውጣት መኪናው በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት። አንዳንዱ መኪና እንዴት እንደሚያልፍ እናውቃለን፣ እሱን እንተወው። ቢያንስ ግን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የትኛው ዓመት ቦሎ እንደተለጠፈ ያነባል።

አልበርታም ታርጋ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ስቲከር ነበረቻት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርታለች። አሁን የሰው ታርጋ አይታችሁ ምዝገባው ያለፈበት መሆን አለመሆኑን ማወቅ አትችሉም። ፖሊስ ግን ያውቃል፤ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ የተገጠመላቸው መኪኖች አሉት።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት ለብቻው የሚመለከት ነገር አለ። የግል መኪና ምዝገባ የሚያልፍበት ወር የሚወሰነው በባለቤቱ የመጨረሻ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። በአንድ የቤተሰብ ስም የሚጠሩ ባልና ሚስት የሁለቱም መኪና በአንድ ወር ይታደሳል። እኛ ግን በየአባታችን ወይም በየአያታችን ስም ነው የምንጠራው። የእኔና የባለቤቴ መኪና አንድ ደጅ ላይ ቆመው የሚታደሱት በተለያየ ወር ነው። ስለዚህ አባወራው የራሱን ሲያሳድስ የሚስቱም አብሮ የታደሰ አይምሰለው። ያልተከፈለ ቅጣት ካለም እድሳቱ ሊከለከል ስለሚችል የወሩን የመጨረሻ ቀን አትጠብቁ።

ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ፤ ከባዱ እሱ ነው። የአልበርታ የትራፊክ ሕግ ኢንሹራንስ የሌለውን መኪና መንዳት የከለከለው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ መሪውን የያዘውን ማንኛውንም ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ ሰው ዝቅተኛው ቅጣት 2,500 ዶላር፣ ከፍተኛው 10,000 ዶላር ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከደገመ ከ5,000 እስከ 20,000 ይደርሳል። በዚህ ላይ የሚታከል ክፍያ አለ። “መኪናው የሰው ነው” ማለት ብቻውን አያድንም። አዋሹም ነፃ አይደለም፤ በፈቃዱ ቁልፍ የሰጠ ባለቤት፣ ነጂው ለሚያደርሰው ጉዳት ሕጉ እሱንም ይጠይቀዋል።

አንድ የማውቀው ወጣት ለቅሶ ለመድረስ ከወዳጁ መኪና ተውሶ ሲሄድ ፖሊስ አስቆመው። ፒንክ ካርዱ ከመኪናው ኪስ ወጣ፤ የተጻፈበትም ቀን አላለፈም። ችግሩ ሌላ ነበር። የወሩ ክፍያ ከባንክ ሳይወጣ ቀርቶ ኢንሹራንሱ ተሰርዟል፤ ማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የሄደው ባለቤቱ ወደ ለቀቀው ቤት ነው። አዋሹ አላወቀም፣ ተዋሹ አልጠየቀም። ፍርድ ቤት የቆመው ግን ልጁ ነው። ገንዘቡን ማን ይክፈል በሚለው ተጣልተው ሽማግሌ ገባ፤ እስካሁን ግን አይነጋገሩም።

እንግዲህ ፒንክ ካርድ ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ልብ በሉ። የሚጠየቀው “ክፍያው እስከዚህ ወር ገብቷል? እኔ እንድነዳውስ ኢንሹራንሱ ይፈቅዳል?” ተብሎ ነው። አብሯችሁ የሚኖርና መኪናችሁን አዘውትሮ የሚነዳ ዘመድ ካለ ደግሞ ለኩባንያው መንገር ያስፈልጋል። የአክስታችሁ ልጅ መጥቶ እናንተ ቤት ካረፈ፣ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግሥት ደውሉ።

አሁን የእኔን ሥራ ልናገር። በምሠራበት ክፍል አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች ይተኛሉ፤ ብዙዎቹ ከመኪና አደጋ የመጡ ናቸው። “እዚህ አገር ሕክምና በነፃ ነው፣ ኢንሹራንሱ ለመኪናው ቆርቆሮ ነው” የሚሉኝ የአገሬ ልጆች አሉ። አልጋውና ቀዶ ሕክምናው በክፍለ ሀገሩ የጤና መድን መሸፈኑ እውነት ነው። ሰው ግን ሆስፒታል ውስጥ አይኖርም። ዳሌው የተሰበረ አባት ቤቱ ሲገባ መኝታ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ፊዚዮቴራፒ ለወራት ይሄዳል። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያነሳ ያገኘው የነበረው ደመወዝ ይቀራል። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ይፈለጋል። የመኪና ኢንሹራንስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ለተጎዳ ሰው ለሕክምናና ለማገገሚያ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ሽፋን የግዴታው ኢንሹራንስ ውስጥ አለ።

ለሦስተኛ ወገን የግዴታው ዝቅተኛ መጠን 200,000 ዶላር ነው። ብዙ ይመስላል። የ30 ዓመት ሰው ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቢቀር ግን ይህ ገንዘብ የት ይደርሳል? ከዚያ በላይ ያለው ከነጂውና ከባለቤቱ ይፈለጋል። አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን ብትገቡ ምን ያህል እንደሚጨምር ኢንሹራንስ የሚሸጥላችሁን ሰው ጠይቁት። ነጂው ጭራሽ ኢንሹራንስ ከሌለው ለተጎጂው እስከ 200,000 ዶላር የሚከፍል የአልበርታ መንግሥት ፕሮግራም አለ። የከፈለውን ግን ከነጂው መልሶ ይጠይቃል። ቤት ለመግዛት የሚቆጥብ ሰው ይህን ዕዳ ያስበው።

የበረዶውን ቀን የማያስታውስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጁን 13 ቀን 2020 ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ፣ የእኛም ሰፈር ጭምር፣ በበረዶ ተደበደበ፤ ኢንሹራንሶች የከፈሉት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የሦስተኛ ወገን ብቻ የገባ ሰው ለተሰባበረው መስታወቱና ለተቆለመመው ጣሪያው ምንም አላገኘም። የበረዶ ጉዳት የሚሸፈነው በፈቃደኝነት በሚገባው ተጨማሪ ሽፋን ነው። አሮጌ መኪና ላይ አያዋጣም የሚል ሰው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን አስልቶ ይወስን።

ምግብ የምታደርሱ ልጆች፣ ለግል መጠቀሚያ የገባችሁት ኢንሹራንስ ለዚህ ሥራ ላይሆን ይችላል። ዝም ብላችሁ አትጀምሩ፣ ለኩባንያው ንገሩ። ሰው ለምትጭኑት ደግሞ መንጃ ፈቃዱም ምርመራውም የተለየ ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የመኪናው ብቃት ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ መኪና እዚህ ለመመዝገብ ምርመራ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን አልበርታ የግል መኪናን በየዓመቱ አትመረምርም። አገር ቤት በዓመት አንዴም ቢሆን ፍሬኑን የሚሞክር ሰው ነበር። እዚህ መርማሪው ነጂው ነው። የጎማ ጥርስ ሕጋዊው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ ለበረዶ ግን ይህ ባዶ እግር እንደመሄድ ነው። አልበርታ የክረምት ጎማ አታስገድድም። ከባንፍ አልፋችሁ ወደ ጎልደን ስትወርዱ ግን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ገብታችኋል፤ በተራራው መንገድ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ታስገድዳለች፣ ጥርሱም ቢያንስ 3.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በተውሶ መኪና ቤተሰብ ይዞ ተራራ ለማየት የሚሄድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጎማውን ይይ። ሌላው መብራት ነው። ሞተር ሲነሳ የፊቱ ብቻ በርቶ የኋላው ጨለማ የሚሆንባቸው መኪኖች አሉ። በማታ በበረዶ ጭጋግ ከኋላ የሚመጣው አያያችሁም። አንድ ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፍሬን ርገጡ፣ አለቀ። ታርጋው ላይ የተጋገረውን በረዶም ጥረጉ፤ መነበብ አለበት።

ለበዓል ወደ ደሴ የምትሄዱም አላችሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወጡና ስትወርዱ የጭነት መኪናው ፍሬን ምን ያህል እንደሚለፋ ታውቃላችሁ። የወንድማችሁን መኪና ስትይዙ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገኑን ምልክት እዩ፤ ሊብሬው የት እንዳለ ጠይቁ። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል፤ ሲወጣ መጠኑ እስከ 2,000 ብር ይደርስ ነበር። በር ላይ “መጀመሪያ ክፈሉ” ለተባለ ቤተሰብ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሲወጣ ለሞት የካሳው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ግን 100,000 ብር ነበር። ያነበብኩት ቀን በጣም ነው የከፋኝ። ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳም የመድን ፈንድ አለ፤ ዘመድ ከደረሰበት ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ጠይቁ።

ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለኝ። አረጋውያንን ወደ ስብሰባ የሚያመላልሱ በጎ ፈቃደኞች ስም ዝርዝር አለን። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምዝገባውና ኢንሹራንሱ የሚያልቁበት ወር ይጻፍ፤ ጸሐፊያችንም ወሩ ሲደርስ ይደውል። በማኅበር ከተወሰነ ማንም አልታመንኩም ብሎ አይቀየምም። ከእኔ ስም ይጀመር።

የጎማ ጥርስ መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ቡና እስኪፈላ ፓርኪንግ ላይ ነኝ፤ መኪናውን ማስለካት የሚፈልግ ቁልፉን ይዞ ይምጣ።