ቶዮታና ዋጋው

እሷ፦ አርሲ ነገሌ መናኸሪያ ረዳቱ «ሻሼ! ሻሼ!» እያለ የሚጠራበትን ሚኒባስ አይተኸዋል? ዶልፊን በለው አባዱላ፣ ያው ቶዮታ ሃይኤስ ነው።

እሱ፦ ልማድ ይሆናላ!

እሷ፦ ልማድ ብቻማ አይደለም። መለዋወጫው በየከተማው አለ፤ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን «ቶዮታ ነው» እየተባለ ያረጀ ቪትዝ እሳት በሆነ ዋጋ ሲሸጥስ?

እሷ፦ አልክድህም፣ ተጋኗል። ባለቤቱ ግን እንደ ባንክ ደብተር ነው የሚያየው፤ ሲቸግረው ቶሎ ይሸጠዋል።

እሱ፦ በ1937 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኩባንያ በሽያጭ የዓለም አንደኛ የሆነውም ለዚሁ ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ተቀይሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ።

እሷ፦ ቶዮታም እኮ ኤሌክትሪክ አለው፤ ቢዜድፎርኤክስ አዲስ አበባ ውስጥ ይታያል።

እሱ፦ ለከተማ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ነገሌና ሻሸመኔ ለሚመላለስ ግን እኔ ገና አላመንኩም።

እሷ፦ እስቲ እናያለን! አድማጮቻችን፣ ያገለገለ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ስሙን ብቻ አትመኑ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፣ መካኒክም ይዛችሁ ሂዱ።