ዓርብ ዓርብ ለልጆች ማንበብ ምን ያስገኛል?



«ገንዘብ የማይከፈልበት ሥራ ምን ይጠቅምሻል?» ያላችሁኝ አላችሁ። መልሴ ይኸው።

እዚህ ኤደን፣ ባሳቲን ሰፈር የሚያድጉ ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ዓረብኛ ነው። እኛ ከማዳም ቤት ስንመለስ ተኝተዋል። አያት ከአገር ቤት ስትደውል ስልኩን እንሰጣቸዋለን፤ ዝም ይላሉ። ሴትዮዋ የልጅ ልጇን ድምፅ ሳትሰማ ስልኩ ይዘጋል። ዓርብ ከሰዓት የምናነብላቸው ለዚህ ነው።

ለዚህ ብዙ ነገር አያሻም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ ሾላ ሰፈር ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍቱን በአህያ ጋሪ ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱ። እኛ አህያም የለን! ሦስት መጽሐፍና አንድ ምንጣፍ ነው ያለን። ግን አንዱን ተረት አሥር ጊዜ ብናነበው አይሰለቻቸውም፤ ገጹን ሳልገልጥ ቀድመውኝ ይጨርሱታል።

ክፍያውን ልንገራችሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ፊደሉ ሊጠፋብኝ ነበር። አሁን ከቤት የሚላክልኝን መልእክት ሰው ሳላስቸግር አነባለሁ። ሥራ ቦታ ስሜ «ያ ቢንት» ነው፤ ዓርብ ግን ልጆቹ ከበር ላይ በስሜ ጠርተው ይጠመጠሙብኛል። አንዷ የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የጦጣዋን ተረት ለአያቷ በስልክ ከዳር እስከ ዳር ተረከችላት። እናቷ ካርዱ እስኪያልቅ ቆማ ሰማች።

ማንበብ የማትችሉ እህቶች፣ ተረት ታውቃላችሁ፤ መጥታችሁ ንገሯቸው። የምታነቡ ደግሞ በየተራ አንድ አንድ ዓርብ ያዙልን። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንጠብቃችኋለን።