የተሰፋ ከንፈር ብቻ አይበቃም
(በወላይታ ሶዶ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ ስለሚወለዱ ሕፃናት ነው። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 700 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳልና ነገሩ የቦዲቲም የአረካም፣ የእኛው የራሳችን ጉዳይ ነው።

እርግማን ነው የሚሉ ዛሬም አልጠፉም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሰው ፊት በማኅፀን የሚሠራው ከግራና ከቀኝ መጥተው ከሚገጣጠሙ ክፍሎች ነው፤ ከንፈር እስከ 7ኛው፣ ላንቃ እስከ 9ኛው ሳምንት ድረስ ይገጥማል። ሳይገጥም የቀረው ስንጥቅ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ብዙዋ እናት መፅነሷን እንኳ በቅጡ አላወቀችም። ታዲያ በምን ትወቀሳለች?

ብዙ ሰው «ሐኪም ከሰፋው አለቀ» ይላል። እኛም ነገሩን ሳንመረምር እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የሚመጣው ቀዶ ጥገና አይደለም፤ ወተት ነው። ላንቃው የተከፈተ ሕፃን አፉ አየር ስለማይቋጥር ጡት ስቦ መጥባት ያቅተዋል። ወተቱ ታልቦ፣ ሕፃኑም ቀና ተደርጎ ተይዞ፣ በስኒ ወይም በማንኪያ ሊሰጠው ይገባል። ይህን የምታሳይ ነርስ ካልተገኘች ይከሳል። ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ከንፈሩን ለመስፋት ቢያንስ 10 ሳምንት ያህል እንዲሞላውና 4 ኪሎ ተኩል ገደማ እንዲመዝን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ነርሷ ካልሠራች ቀዶ ሐኪሙም ሥራ የለውም ማለት ነው።

ላንቃው ብዙውን ጊዜ የሚሰፋው አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያም በኋላ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ መስማት እንዳይቀንስ የጆሮ ሐኪም ያየዋል። ጥርሱ ሲቀየር የጥርስ ሐኪም ይፈልጋል፤ የድድ አጥንቱም ተከፍቶ እንደሆነ ከ8 እስከ 11 ዓመቱ ባለው ጊዜ አጥንት ይጨመርለታል።

ከሁሉም በላይ ግን ንግግሩን እናስብ። በተከፈተ ላንቃ አየሩ በአፍንጫ ስለሚያመልጥ «በ» እንደ «መ» ይሰማል። ልጁ «አባ» ብሎ ሲጣራ «አማ» ይሆንበታል። አማርኛችንም ወላይትኛችንም «ጠ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጨ»ንና «ጰ»ን የመሰሉ ጠንካራ ድምፆች አሏቸው፤ እነዚህም አፍ ውስጥ ታምቆ በሚለቀቅ አየር የሚነገሩ ናቸው። ከንፈሩ አምሮ የተሰፋ ልጅ በክፍል ሲናገር ቢሳቅበትና ትምህርቱን ቢተው ሕክምናው ምን ጠቀመው? ይህን ልጅ የሚያስተምረው ባለሙያ የልጁን ቋንቋ የሚያውቅ መሆን አለበት። ከውጭ አገር ለሁለት ሳምንት የሚመጣ እንግዳ፣ ደግነቱ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ይህን ሊሠራው አይችልም።

የቡድን ሕክምና ሐሳብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ከተማ፣ የጥርስ ሐኪሙ ኸርበርት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1938 ባለሙያዎችን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ የላንቃ ስንጥቅ ክሊኒክ አቋቁሟል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ከቀዶ ጥገናው ጋር የንግግር ሕክምና ጭምር የሚሰጥ ቡድን ተደራጅቷል። ሆኖም አዲስ አበባ ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንዲት የገጠር እናት ለቀዶ ጥገና አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፣ ተበድራም ቢሆን ትሄዳለች። ለንግግር ትምህርት በየወሩ መመላለስ ግን አትችልም። ሰፊው ይራቅ እንጂ ተከታታዩ ቅርብ መሆን አለበት።

ሶዶም ባዶ እጇን አይደለችም። የቀድሞው ኦቶና ሆስፒታል ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የቋንቋ መምህራንም አሉን። የጎደለው አንድ ላይ መቀመጡ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በወር አንድ ቀን ባለሙያዎቹ ሁሉ በአንድ ክፍል ተገኝተው ልጁን አብረው ይዩት፤ እናትም ከበር በር አትንከራተት። ሁለተኛ፣ አዋላጅና የጤና ተማሪ ሁሉ የተወለደውን ሕፃን አፍ በመብራት ይመልከት፤ ከንፈሩ ደኅና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ በቀላሉ ይታለፋልና። ሦስተኛ፣ የቋንቋ ተማሪዎች ለንግግር መለማመጃ የሚሆኑ የወላይትኛ ቃላትን እየመረጡ ያዘጋጁ። ይህ ሦስተኛው የማንንም ፈቃድ፣ የማንንም በጀት አይጠብቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልንጀምረው እንችላለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እስከ ዛሬ ሃምሳውንም ሎሚ ያሸከምነው አንዲት እናትን ነው። እንካፈላት።