ትንኮሳ የሚያስከፍለው ዋጋ
(ለፋብሪካ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሁላችንም የምናውቀው፣ ግን ጮክ ብለን የማንናገረው ነው። በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጾታዊ ትንኮሳ ነው። በሻይ ሰዓት በሹክሹክታ ይወራል፤ በስብሰባ ላይ ግን አይነሣም። ስለ ደመወዝ እንናገራለን፤ ስለ ትርፍ ሰዓት እንናገራለን፤ ስለ ሰርቪስ እንከራከራለን። ይህኛው ሲመጣ ግን አንገታችንን እንደፋለን። ለምን? «ነውር ነው» ስለምንል ነው። ታዲያ ነውሩ የማን ነው? ነውሩ የአድራጊው ነው፤ የተደረገባት ሴት ምንም የምታፍርበት ነገር የላትም። ንግግራችንን ከዚህ እንጀምር።

ትንኮሳ ምንድን ነው?

አንዳንድ ሰው «ኧረ ቀልድ ነው፣ ጨዋታ ነው» ይላል። ጨዋታ የሚባለው ግን ሁለቱም ወገን የሚስቅበት ነው። አንዱ እየሳቀ ሌላው የሚሸማቀቅበት ነገር ጨዋታ አይባልም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነገሩን ለይቶ አስቀምጦታል። ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ፣ በቃልም ሆነ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ፣ ለወሲብ እሺ እንዲል መገፋፋት ጾታዊ ትንኮሳ ነው። ኃይል ከተጨመረበት ወይም ኃይል ለመጠቀም ከተሞከረ ደግሞ ጾታዊ ጥቃት ይባላል።

ልብ በሉ፤ ሕጉ «በቃል» ይላል። ስለዚህ «እጄን አላሳረፍኩባትም» የሚለው መልስ አያስኬድም። ካቦው «ማታ ካልተገናኘን ነገ ከባዱ ቦታ ትመደቢያለሽ» ቢል ትንኮሳ ነው። አለቃው የኮንትራት ማደሻውን ወረቀት ይዞ «ነገሩ በአንቺ እጅ ነው» እያለ ቢያግባባ ትንኮሳ ነው። እምቢ እያለች በስልክ የብልግና ሥዕል እየላከ ቢወተውታትም ያው ነው። ወንድ ሠራተኛም ሊደርስበት ይችላል፤ ሕጉ ሁለቱንም ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ግን ሴቶች ናቸው።

ለምን እነሱ? ነገሩ ከሥልጣን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመልከቱ፤ በዝዋይና በሆለታ ያሉትን የአበባ እርሻዎችም ተመልከቱ። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ከተሰማሩት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ከገጠር የመጡ አሉ። ከገጠር የመጣች ልጅ የቤት ኪራይ አለባት። ለእናት ለአባቷም ትልካለች። በከተማው ዘመድ የላት ይሆናል። ፈቃድ የሚፈርምላት፣ ሽፍት የሚመድባት፣ ትርፍ ሰዓት የሚሰጣት ያው አለቃዋ ነው። ክፉ አለቃ ይህን ያውቃል። የሚያስፈራራትም በዚህ በእንጀራዋ ነው።

ዋጋውን ማን ይከፍላል?

«የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ አብረን እናስላው።

አንዲት የስፌት ማሽን ሠራተኛ አለች እንበል። አለቃዋ ይወተውታታል። መጀመሪያ እንቅልፏን ታጣለች። ምግብ አይበላላትም። ጠዋት ስትነቃ ሥራ መሄድ ያስጠላታል፤ ስለዚህ ታረፍዳለች፣ አንዳንዴም ትቀራለች። የቀረችበት ቀን ከደመወዟ ይቆረጣል። ማታ ከእሱ ጋር ላለመቆየት ስትል ትርፍ ሰዓት ትተዋለች፤ ይህም ገቢ ቀረ ማለት ነው። ማሽን ላይ ተቀምጣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። ሐሳቡ የተበታተነ ሰው ደግሞ ጣቱን ለመርፌ ይሰጣል። በመጨረሻ ለማንም ሳትናገር ትለቃለች። ሌላ ቦታ ስትቀጠር እንደ አዲስ በዝቅተኛው ደመወዝ ትጀምራለች። የለመደችው ሙያ፣ የቆየችበት ዘመን ሁሉ ወደ ኋላ ቀረ።

ከዚያ ወደ ቤተሰቧ እንሂድ። በየወሩ ይላክ የነበረው ገንዘብ ይቆማል። የታናሽ እኅቷ የደብተር መግዣ ከዚያ ነበር። ወላጆቿ ወሬውን ከሰሙ «ከተማ ይቅርብን» ብለው የቀሩትን ሴቶች ልጆች ከቤት እንዳይወጡ ያደርጋሉ። አንድ ባለጌ አለቃ አይቷቸው የማያውቃቸውን ልጆች ዕድል ዘጋ ማለት ነው።

የሥራ ጓደኞቿስ? እሷ ስትሄድ የእሷን ድርሻ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እድገትና ቀላል ሥራ በችሎታ መሰጠቱ ቀርቶ በሌላ ነገር የሚሰጥ ከመሰላቸው፣ ጎበዟም ሠራተኛ ልቧ ይሰበራል። በሥራዋ ያደገችውንም ሴት «በምን እንዳደገች እናውቃለን» እያሉ ያሟታል። ስለዚህ ትንኮሳ ንጹሑንም ሰው ስም ያጠፋል።

ፋብሪካውም ይከፍላል። አዲስ ሠራተኛ ከመስመሩ ፍጥነት ጋር እኩል እስክትሆን 2 ወር ይፈጅባታል እንበል። በዓመት 20 ሠራተኞች በዚህ ምክንያት ቢለቁ፣ 20 ጊዜ 2 ወር 40 ወር ይሆናል። ለ40 ወር ደመወዝ እየተከፈለ ሙሉ ሥራ አልተገኘም። የተበላሸው ጨርቅ፣ የዘገየው ትእዛዝ ገና አልተቆጠረም። አንድ አለቃ እንዳይቀየም ብሎ ዝም ያለ ድርጅት ይህን ሁሉ ከኪሱ ያወጣል። ሒሳቡ በመዝገብ ላይ «ትንኮሳ» ተብሎ አይጻፍም፤ «ሠራተኛ በፈቃዷ ለቀቀች» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለዚህ ነው የማይታየው።

ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ 1156 አሠሪም ሆነ ሠራተኛ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት እንዳይፈጽም ይከለክላል። ትንኮሳውን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ከሚገባት ሌላ ክፍያ በተጨማሪም የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሣ ይከፈላታል። የቀን ደመወዟ 100 ብር ቢሆን ካሣው 9,000 ብር ነው ማለት ነው። የሥራ ባልደረባዋ ከሆነ የተነኮሳት፣ በቅድሚያ ለአሠሪው ማሳወቅ አለባት፤ አሠሪው በጊዜው እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት።

እዚህ ላይ ግን ጆሮአችሁን ስጡን። ይህ የመልቀቅ መብት ጊዜ አለው። ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካበቃበት ቀን አንስቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። የምትለቀውም ምክንያቷንና የምትለቅበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቃ ነው። ዝም ብላ ከሄደች ካሣውን ማስረዳት ይቸግራታል።

«ከተናገርኩ ያባርሩኛል» የሚል ስጋት አለ። ሠራተኛ ቅሬታ ስላቀረበ ከሥራ ማሰናበት በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 625 አሠሪነቱን ወይም ሌላ ሥልጣኑን መሣሪያ አድርጎ ሴትን ለወሲብ የሚገፋን ሰው በእስራት ይቀጣል። ነገር ግን ክሱ የሚነሣው አቤቱታ ሲቀርብ ነው። አሁንም ቁልፉ መናገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

እንዲሁም በሰኔ 2011 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት ጄኔቫ ላይ ስምምነት ቁጥር 190ን አጽድቋል። በዚህ ስምምነት የሥራ ዓለም ሲባል ፋብሪካው ብቻ አይደለም። ወደ ሥራ መሄጃና መመለሻ መንገዱን፣ አሠሪው የሰጠውን መኖሪያም ይጨምራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንጻፍ። ፊደል የቆጠርነው ለደብዳቤና ለፊርማ ብቻ አይደለም። ትንኮሳ የደረሰባት እኅት በዚያው ቀን ማታ ደብተሯን ታውጣ። ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። እንዲህ ይበቃል፦

«ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ። በመጋዘኑ በር። የመስመሩ አለቃ እንዲህ ብሎ ተናገረኝ። እኔም አልፈልግም አልኩት። ሁለት ሠራተኞች ሰምተዋል።»

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል፣ የሰማ ሰው። እነዚህ አምስቱ ከተጻፉ ነገሩ ከወሬ ወደ ማስረጃ ይቀርባል። የተላከ መልእክት ካለም አይጥፋ። ጽሕፈት የሚከብዳት እኅት ካለች፣ የቻልን እናግዛት፤ ቃሉ ግን የራሷ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ለብቻ አንቅር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። 10 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ማኅበር ያለን ደግሞ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ እናስገባ። አቤቱታ ተቀባዩ የተከሳሹ የበታች እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ሦስተኛ፣ ወንዶች ወንድሞቻችን ዝም አትበሉ። ባለጌው ሲናገር የምትስቁለት ሳቅ ስንቅ ይሆነዋል። «ተው፣ ይህ አይሆንም» የምትለው አንዲት ቃል ከጓደኛ አፍ ስትወጣ ትከብዳለች። «ሰምቻለሁ፣ እመሰክራለሁ» ማለትም ወንድምነት ነው።

አራተኛ፣ በድርጅቱ ውስጥ መፍትሔ ከጠፋ ከግቢው ውጭም በር አለ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፤ ፍርድ ቤት አለ። ወንጀል ከሆነ ፖሊስ አለ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሠራተኛ ለአሠሪው የሚሸጠው ጉልበቱንና ሙያውን ነው። ክብሩን አልሸጠም። የሥራ ውላችን ላይም እንዲህ የሚል መስመር የለም። ነገ ጠዋት ወደ ማሽናችን ስንመለስ አጠገባችን ያለችውን እኅት ደህና መሆኗን እንጠይቃት። የ15 ቀኑን ነገር ያልሰማች ካለችም እንንገራት።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጨዋታና በትንኮሳ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. አንዲት ሠራተኛ ተነክሳ ዝም ብላ ብትለቅ እነማን ይጎዳሉ? በቃላችሁ ዘርዝሩ።
3. የቀን ደመወዝ 120 ብር ቢሆን የ90 ቀን ካሣ ስንት ይሆናል?
4. በማስታወሻ ላይ መጻፍ ያለባቸው አምስቱ ነገሮች የትኞቹ ናቸው? በደብተራችሁ ጻፉ።