ስለ ባለአደራነት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



 አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለው ተርተዋል። ነገሩ በሥራ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ከእንግሊዝ አገር አንድ ምሳሌ አመጣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤለን ማክአርተር የምትባል እንግሊዛዊት መርከበኛ በ2005 ብቻዋን በባለሸራ ጀልባ ዓለምን በ71 ቀንና በ14 ሰዓት ያህል ዞራ በዚያን ጊዜ የፍጥነቱን ክብር አገኘች። ከዚያ አስቀድሞ በ2003 በስሟ የሚጠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁማ ነበር። ሥራውም በነቀርሳ ወይም በካንሰር ታመው የታከሙትን ልጆችና ወጣቶች ለጥቂት ቀናት በባለሸራ ጀልባ ወደ ባሕር መውሰድ ነው። በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሌሎች ሲያነሡትና ሲያስተኙት የከረመ ልጅ በጀልባው ላይ ገመድ ይስባል፤ መሪ ይይዛል። እንደ እርሱ የታመሙትን ስለሚያገኝም ስለ ሕመሙ ማብራራት ሳያስፈልገው ይጫወታል። ባሕር ነቀርሳን አይፈውስም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ዓላማው በሽታው የቀማውን በራስ መተማመን መመለስ ነው።

እንዲህ ያሉትን ድርጅቶች በበላይነት የሚመሩት ባለአደራዎች ይባላሉ። በእንግሊዝ አገር በ1853 የተመሠረተው የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ይቆጣጠራቸዋል፤ የ2011 ሕግም ግዴታቸውን ይዘረዝራል። እንደ ደንቡ ለባለአደራነታቸው ደመወዝ አይቀበሉም። ገንዘቡ የእነርሱ አይደለም፤ ለታመሙት ተብሎ የተሰጠ ነውና ለሌላ ነገር ሊያውሉት አይችሉም። የግል ጥቅማቸው ከድርጅቱ ጥቅም ጋር ሲጋጭ ይኸንኑ መግለጥና ከውሳኔው መራቅ ይገባቸዋል። ኀላፊነቱም የጋራ ስለ ሆነ «ሒሳቡን የያዘው እገሌ ነው፤ እኔ አላየሁም» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

ነገር ግን ከሒሳቡ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኀኒት ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ታማሚው በቀላሉ በሌላ በሽታ ይያዛል። እንግዲህ ይኸን ልጅ ወደ ነፋስና ወደ ማዕበል እንውሰደው ወይስ እንተወው? ባለአደራው ፈርቶ ሁሉን ቢከለክል ማንም አይሰጥምም፤ ልጁ ግን እቤት ተዘግቶ ይቀራል። ሳይጠነቀቅ ሁሉን ቢፈቅድ ደግሞ የሰው ልጅ ያጠፋል።

ቸልተኝነት የሚያመጣውን ጉዳት እንግሊዞች በመሪር ኀዘን ተምረዋል። በማርች 22 ቀን 1993 ተማሪዎች በትናንሽ መቅዘፊያ ጀልባዎች በላይም የባሕር ወሽመጥ ሲሄዱ አደጋ ደርሶባቸው አራቱ ሞቱ። ጉዞውን ያዘጋጀው የንግድ ድርጅት እንጂ የበጎ አድራጎት ማኅበር አልነበረም። በዚያ ይሠሩ የነበሩ አሠልጣኞች ግን ጥንቃቄው የጎደለ መሆኑን ባለፈው ዓመት በደብዳቤ አስጠንቅቀው ነበር። በ1994 ድርጅቱም ሥራ አስኪያጁም በፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ። በ1995ም ወጣቶችን ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚያሠማሩ ድርጅቶች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያዝ ሕግ ወጣ።

ስለዚህ መልካሙ ባለአደራ ከፍርሃትና ከድፍረት መካከል መንገድ ይፈልጋል። እርሱ ራሱ ሐኪም ወይም መርከበኛ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የልጁን ሐኪም አስጠይቋልን? መሪዎቹ የሠለጠኑ ናቸውን? ከታች ያለ ሠራተኛ «ይኸ ነገር አደገኛ ነው» ብሎ ቢጽፍ ደብዳቤው ከባለአደራዎቹ ጠረጴዛ ይደርሳልን? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይሰለች መጠየቅ ሥራው ነው። ሰው በጎ ልብ ስላለው ብቻ ባለአደራነትን ከፈጸመ አይቈጠርም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ በር የምንወጣበት ጊዜ ቀርቧል። ነገ በዕድርም ሆነ በማኅበር የሣጥን ቁልፍ የሚሰጠን ሰው አይጠፋም። በዚያን ቀን የክብሩን ወንበር ከማየታችን በፊት ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ፣ ከስብሰባው ግን የማይገኙትን ሰዎች እናስብ። አደራው የእነርሱ ነውና።